አሥራ ሁለት ሲደመር ስምንት ባልዲ ሰማያዊ

ውድ ሊቀ ቀመር፣

ጤናህ እንዴት ነው ብዬ እንዳልጀምር ጤናህን ያሳጣሁህ እኔው ነኝ። ስለዚህ ሰላምታውን ላሳጥረው። የሙከራ ጊዜህን ከጨረስክ ሦስት ሳምንት አልፎህ፣ አዲስ የገባህበት የሴራሚክ ፋብሪካ የቋሚነት ደብዳቤህን ይዞ የሚያንገላታህ በአንተ ጥፋት አይደለም፤ በእኔ ምላስ ነው። እንዴት እንደሆነ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን በአንተ ላይ ያለኝን ንዴት ልጨርስ። ጥፋቱ የእኔ ቢሆንም ንዴቱም የእኔ ነውና ማንም አይነጥቀኝም።

ከዚህ ቀለም ፋብሪካ ስትለቅ ምን ነበር ያልከኝ? «ፋይሉ ራሱ ይነግርሃል።» ፋይል ይናገራል እንዴ ወንድሜ? እኔ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠህ ስትናገር እንኳ ያልሰማሁ ሰው ነኝ! ወንበርህን ወረስኩ፣ አንድ እግሩ አጭር የሆነውን ጠረጴዛህን ወረስኩ፣ ከነሱ ጋር ያቺን የኤክሴል ፋይልህን ወረስኩ። ውርስ ሰውን ያጣላል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ከራሱ ጋር ያጣላል ያለኝ ግን የለም።

ስከፍታት አርባ ቀለም፣ አርባ መስመር። ቀመሮቹ ሁሉ እንደ ተራ ጽሑፍ ተጽፈው ተጋድመዋል። የሰማያዊው «ባልዲ*40» ይላል፤ ለአንድ ባልዲ ነጭ አርባ ግራም ሰማያዊ ዱቄት ማለት ነው። ይህ ገብቶኛል። ያልገባኝ፣ ቀመር ከሆነ ለምን አያሰላም? ከፊቱ የእኩል ይሆናል ምልክት ብጨምርበት፣ ኤክሴል «ባልዲ የሚባል አላውቅም» እንደማለት ስህተት ደቀነብኝ። እኔም ስድብ ደቀንኩበት። ተኳርፈን ዋልን።

የምትሠራው ከጀርባ ያለችው ማክሮ የምትባል ትንሽ ፕሮግራምህ መሆኗን ያወቅሁት በኋላ ነው። ጽሑፉን ታነሳለች፣ «ባልዲ» የሚለውን ቃል አውጥታ እኔ የባልዲ ብዛት በሚሞላበት ቢጫ ሳጥን ውስጥ የጻፍኩትን ትተካበታለች፣ ከዚያ «በል አስላ» ብላ ለኤክሴል ታቀብላለች። ኮዱ ውስጥ «ከ255 ፊደል በላይ ከሆነ አይቀበልም» የሚል ማስታወሻ ትተሃል። ይህም ትልቅ ትዕግሥት ነው፤ ሥራ አስኪያጃችን ከአሥር ቃል በላይ ሰምቶ አያውቅም። አዲስ ቀለም ሲመጣ ኮዱን ሳይነኩ አንድ መስመር መጨመር ብቻ! ብልህ ነህ፤ እሱ ነው ያናደደኝ።

አሁን ወደ ኃጢአቱ። አንድ ትምህርት ቤት ለአዲሶቹ ክፍሎቹ አሥራ ሁለት ባልዲ ሰማያዊ አዘዘ፤ ከአሮጌዎቹ ክፍሎች ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት እንዲሆን። ከሰዓት በኋላ ደውለው ስምንት ጨመሩ። እኔም ቢጫው ሳጥን ውስጥ «12+8» ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ማለት አቅቶኝ አይደለም፤ ትእዛዙና ጭማሪው ለየብቻ እንዲታይ፣ ለሥርዓት ብዬ ነው። በሕይወቴ ለሥርዓት ብዬ አንድ ነገር የሠራሁት ያን ቀን ነው፣ ያመጣብኝን ጣጣ ተመልከት።

ማክሮህ 332 ግራም አለች። ለቀማሚያችን ለጋሼ ማማሰያ ወስጄ ሰጠኋቸው። መዘኑ፣ ጨመሩ፣ አማሰሉ፣ ከዚያ በርሜሉ ላይ አጎንብሰው ቀሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር አንሷል።»

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ነው ያለው።»

«ኮምፒውተሩ መጥቶ ይየው! ይሄ ሰማያዊ ነው? ሰማይን በሩቁ የሰማ ወተት ነው እንጂ!»

«ሲደርቅ ይደምቃል።»

«አንተ ከደረቅህ ስንት ዓመትህ? መቼ ደመቅህ?»

አልደመቀም። አሮጌዎቹ ክፍሎች ሰማይ፣ አዲሶቹ ጭጋግ ሆኑ። ርዕሰ መምህሯ አንዱን ባልዲ ራሳቸው ተሸክመው መጡና ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ዷ! አደረጉት። ተጠራሁ።

«ማነው ይህን ያሰላው?»

እዚህ ላይ ነው ውድ ወንድሜ፣ አንገቴን ደፍቼ የምጽፍልህ። «እኔማ ቁልፍ ነው የተጫንኩት፤ ቀመሩ የሱ ነው» አልኩ። የሄደ ሰው አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ አይመልስም። በማግስቱ ከአዲሱ መሥሪያ ቤትህ ስለ አንተ ሊጠይቁ ደወሉ። ሥራ አስኪያጁም «ሰውየው ጨዋ ነው፤ ሂሳቡን ግን ደግማችሁ እዩለት» አላቸው። እኔ ፊት ለፊቱ ፋይል ታቅፌ ቆሜ ነበር። አፍ ነበረኝ፤ ፋይሌን ይዤ ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት እህትህ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘችኝ። «ወንድሜ እህል አልቀምስ ብሏል» አለችኝ። «ሂሳብህ ያጠራጥራል አሉት አሉ። እሱ ሂሳብ ይሳሳታል? አንተ ጓደኛው አይደለህ፣ ምን የሰማኸው ነገር አለ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እህት ዓለም» አልኳት፤ አውቶቡስ መጣልኝና ዘልዬ ገባሁ። ወደ ሰፈሬ አይሄድም ነበር።

በማግስቱ ኮዱን ከፈትኩት። በንስሐ እንዳይመስልህ! ጥፋቱ እውነትም የአንተ መሆኑን አረጋግጬ በሰላም ልተኛ ብዬ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ መስመር በመስመር ሄድኩበት፤ ዓይኔ ቀላ፣ ያልረገምኩት ፊደል የለም። በመጨረሻ አገኘሁት። ማክሮህ የጻፍኩትን እንዳለ አንስታ «12+8*40» ብላ ነበር ያቀበለችው። ማባዛት ይቀድማል፤ ስምንት በአርባ ሦስት መቶ ሃያ፣ ሲደመር አሥራ ሁለት፣ 332። አሥራ ሁለቱ ባልዲዎች አሥራ ሁለት ግራም ሆነው ቀሩ! «12+8» በሁለት ቅንፍ ብትታቀፍ ኖሮ ሃያው በአርባ ተባዝቶ ስምንት መቶ ይመጣ ነበር።

«ያዝኩህ! ቅንፍ አላደረግክም!» ብዬ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ጠረጴዛው ተንገዳገደ። አጭሩ እግር ሥር የወሸቅኳት ወረቀት ሾልካ ነበርና ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። ስምንት ቦታ ታጥፋለች። ዘረጋኋት። የአንተ እጅ ጽሑፍ ናት፤ የለቀቅህ ዕለት የሰጠኸኝ የርክክብ ወረቀት። ሦስተኛው ተራ ላይ እንዲህ ይላል፦

«ቢጫው ሳጥን ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ ጻፍ። ድምር አትጻፍ፤ በጭንቅላትህ ደምር። ቅንፍ ላስገባ ስል ጊዜ አጠረኝ፣ አንተ አስገባልኝ። አደራ፣ ይህን ወረቀት ጠረጴዛ ሥር እንዳትወሽቀው፤ አውቅሃለሁ።»

ከሁሉም ያንገበገበኝ «አውቅሃለሁ» ማለትህ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ስለ ቅንፍ፣ ስለ ማባዛት፣ ስለ ጽሑፍና ስለ መተካት ማስረዳት ስጀምር ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሸሸ። ስለዚህ አሳጠርኩት፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። በሱ ላይ ዋሸሁ።» ከአሥር ቃል በታች ስለነበር ሰማኝ። ቀጥሎ የተናገረኝ ግን ከአሥር ቃል በላይ ነበር፤ እሱን ለራሴ ላስቀረው። ሰማያዊውን እንደገና ሠርተን፣ እኔ ራሴ ከጋሼ ማማሰያ ጋር ቅዳሜና እሁድ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ እንድቀባ ተፈረደብኝ።

ለፋብሪካችሁ ማስተባበያ ተጽፎ ማኅተም ተመትቶበታል። ተላላኪ አላመንኩም፤ ዛሬ ጠዋት ራሴ ወስጄ መዝገብ ቤታችሁ አስገባሁ። ጸሐፊዋ «ሰኞ ይታያል» አለችኝ። አንተን ከመስኮቱ አየሁህ፤ ከስተሃል። ልጠራህ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፤ ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

ቅንፉንም አስገብቻለሁ። የመጀመሪያው ቀን ከፍቼ ሳልዘጋ ሄጄ አርባውም ቀለም ስህተት ብሎ ጮኸብኝ፤ አሁን ግን ይከፈታልም፣ ይዘጋልም። «12+8» ጻፍኩበት፤ 800 አለ።

ሰኞ የሚሉህን ንገረኝ። ክፉ ከሆነ አብሬህ ገብቼ ፊታቸው እደግመዋለሁ፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ልትሰድበኝ ከፈለግክም ደውል፤ ከ255 ፊደል በላይ ቢሆንም እሰማለሁ።

የእጅ ጽሑፌ ስለተንቀጠቀጠ አትቀየመኝ። ወረቀትህን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቼ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ሳይንገዳገድ ቆሞ አያውቅም።

ወንበርህ ላይ የተቀመጠው