ማታ የተሰመረ ጨርቅ

ደንበኞቻቸው «ጋሽ ነገ» እያሉ የሚጠሯቸው ልብስ ሰፊው አጎታችን የተወለዱት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ፊቷ ሱቅ ጓዳዋ መኖሪያ በሆነች ቤት ውስጥ ነው። አባታቸው ልብስ ሰፊ፣ እናታቸው የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ። ፊደል የቆጠሩት በእናታቸው እጅ ሲሆን፣ ሁለተኛ ደረጃን በዚያው ሰፈር አጠናቀዋል። አስተማሪዎቻቸው የቤት ሥራቸው ሁልጊዜ ግሩም፣ ሁልጊዜም ዘግይቶ የሚመጣ እንደነበር ለእናታቸው ይናገሩ ነበር።

ትምህርታቸውን በጨረሱበት ዓመት አባታቸው በድንገት ዐረፉ። ሊያጽናና ቤቱን የሞላው ሰው ከልቡ አዝኗል፤ ዓይኑ ግን ወደ መደርደሪያው ይሸሻል። ሟቹ ጨርቅ ለመቀበል እንጂ ለመቁረጥ የማይቸኩሉ ሰው ስለነበሩ፣ የሰው ጨርቅ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ ነበር። አንዲት ሴትዮ እንባቸውን እየጠረጉ፣ እላይ የሚታየው ግራጫ ጨርቅ የእርሳቸው መሆኑን በእናትየው ጆሮ ሹክ አሉ። ያኔ አጎታችን ከተቀመጡበት ተነሥተው ወንበር ላይ ወጡና ለየሰዉ ጨርቁን እንደታጠፈ መለሱ። የዚያን ቀን እፍረት ከውስጣቸው አልወጣም። እኔ ስሞት የሰው ጨርቅ መደርደሪያ ላይ አይገኝም ብለው ለራሳቸው ማሉ።

መማል ቀላል ነው። ሱቁን ሲወርሱ የአባታቸውን ጠባይም አብረው ወረሱ። የስፌት መኪናው ላይ አንዴ ከተቀመጡ ኮቱ እስኪያልቅ ቀና አይሉም፤ ጣጣው እዚያ እስኪደርሱ ነው። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መኪናውን ዘይት ይቀባሉ። ክሩን በየቀለሙ ይለያሉ። የተጠረገውን ወለል መልሰው ይጠርጋሉ። ደንበኛ ብቅ ሲል «ነገ» ይላሉ፤ ሲሉም ከልባቸው ነው። ስሙ የወጣላቸውም በዚሁ ነው።

በሰፈሩ ክሊኒክ ነርስ የነበሩትን ባለቤታቸውን ሲያጩ፣ የሙሽራ ልብሱን ሌላ ሰው አይሰፋውም ብለው ድርቅ አሉ። ሙሽሪት በእህታቸው ልብስ ተዳሩ። የራሳቸው ልብስ የደረሰው የመጀመሪያ ልጃቸው ከተወለደች በኋላ ነው። ባለቤታቸው ለብሰውት ፎቶ ተነሥተዋል፤ ሕፃኗም እናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና ትታያለች። ፎቶውን ያየ ሁሉ ይስቃል። አጎታችንም አብረው ይስቁና ፎቶውን ወዲያው ወደ ቦታው ይመልሱታል፤ ሰነፍ ነኝ ብለው አምነው ነበርና።

ያልሞከሩት ዘዴ የለም። ማልዶ መነሣት መልካም ነው ሲባል በራዲዮ ሰምተው ማለዱ። አንድ የባንክ ሠራተኛ ከሁሉ የከበደውን አስቀድሙ ሲላቸው አስቀደሙ። ከማድ ቤት የደቂቃ መቁጠሪያዋን ወስደው እስክትጮህ ብቻ ልሥራ አሉ፤ በዚያ ሰሞን ድስት ያረረው በእርሳቸው ጦስ ነው። ለጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካይ ዛሬ የእገሌን ሱሪ ካልቆረጥኩ ሳቅብኝ ብለው ቃል ሰጡ። ሁሉም ሠራላቸው። ግን እንደ አዲስ ጫማ ደስታው ለሰሞኑ ብቻ ነበር፤ ዘዴው በከሸፈ ቁጥርም የከሸፉት እርሳቸው ይመስላቸው ነበር።

ነገሩ የተገለጠላቸው ፀጉራቸው ገብስማ ሲሆን ነው። አንድ ምሽት የአንድ ጡረተኛ ካፖርት ጨርቅ ላይ በጠመኔ አስምረው እንደጨረሱ መብራት ጠፋና መቀሱን እላዩ ላይ ትተው ወደ ጓዳ ገቡ። በማግስቱ እንቅልፋቸው በቅጡ ሳይለቃቸው መቀሱን አንሥተው መስመሩን ተከትለው ቆረጡ። መቁረጣቸውን ልብ ያሉት እጅጌው ካለቀ በኋላ ነው። ደንግጠው ቁጭ አሉ። የተሰፋ ይተረተራል፣ የተቆረጠ ግን አይመለስም፤ ሲፈሩ የኖሩት ያችን የመጀመሪያ ቁርጥ ነበር። ያን ጊዜ የከሸፉት ዘዴዎች ሁሉ ለምን ይሠሩ እንደነበር ገባቸው። ማልዶ መነሣቱ ፍርሃቱ ሳይነቃ ያስጀምራቸዋል። መቁጠሪያዋ ሙሉ ኮት ሳይሆን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ትጠይቃቸዋለች። ለፀጉር አስተካካዩ የሰጡት ቃል ደግሞ ልቁረጥ አልቁረጥ የሚለውን ክርክር ይዘጋዋል። ሁሉም መቀስ በያዙበት ሰዓት ከራሳቸው ጋር እንዳይሟገቱ የሚያደርጉ ነበሩ።

ወደ ጓዳ ገብተው ባለቤታቸውን «ሰነፍ አልነበርኩም እኮ፤ ፈርቼ ነው» አሏቸው።

ባለቤታቸውም «እኔማ በሙሽራ ልብሴ ጊዜ ነው ያወቅሁት። ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?» ብለው መለሱላቸው።

የዚያን ዕለት እፎይ ያሉት እፎይታ እስከ መጨረሻው አብሯቸው ኖረ። ከዚያ ወዲህ ሱቁን ከመዝጋታቸው በፊት የነገውን ጨርቅ አስምረው መቀሱን እላዩ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ያም ሲሰለቻቸው መቁጠሪያዋን መልሰው ያመጣሉ፤ እርሷም ስትሰለች ወደ ፀጉር አስተካካዩ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ጠመኔያቸው ይመለሳሉ። መቀየሩ አያሳፍራቸውም ነበር። ምክር ለሚጠይቃቸው ሰው መጀመሪያ የምትፈራውን እወቅ፣ ዘዴው ከዚያ በኋላ አይጠፋም ይሉ ነበር። መደርደሪያው ቀስ በቀስ ተራቆተ። ነገን የለመዱ ደንበኞች ግን ልብሳቸው ደርሶላቸው እንኳ ለመውሰድ ስለሚዘገዩ፣ ተራው የእነርሱ ሆኖ ጋሽ ነገ ሲያሳድዷቸው ይውሉ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ልባቸው ደክሞ ሥራውን አብራቸው ለምትሰፋው ለታላቋ ልጃቸው አስረከቡ። ቢሆንም ማታ ማታ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ሱቁ ብቅ ማለታቸውን አልተዉም፤ ባለቤታቸው ሲቆጧቸው እሺ ይሉና መልሰው ይሄዱ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ በእንቅልፋቸው ዐረፉ።

ልጃቸው እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ሱቁን ከፈተች። የአያቷን ታሪክ ስለምታውቅ የፈራችው መደርደሪያውን ነበር። ባዶውን አገኘችው። ጠረጴዛው ላይ ግን ለእናቷ የተገዛው ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ተዘርግቶ፣ በጠመኔ ተሰምሮ፣ መቀሱ እላዩ ላይ ተቀምጦ ነበር። መቀሱን አነሣችና መስመሩን ተከትላ ቆረጠች። ባለቤታቸው ዛሬ የለበሱት ቀሚስ እርሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ሲለብሱት «ይኼኛውስ በሰዓቱ ደረሰልኝ» ብለዋል።

አጎታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ፣ የልጅ ልጆችና አንዲት ታናሽ እህት ትተው አልፈዋል። ልትሸኟቸው የመጣችሁ ሁሉ፣ ፈጣሪ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ፤ የእርሳቸውንም ነፍስ ፍርሃት በሌለበት ያሳርፍልን። ከመካከላችን ጨርቁ እርሳቸው ዘንድ የቀረበት አንድም ሰው የለም።