ስብሰባ የተጠሩ አባቶች

ባሕር ዳር፣ ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፩

ትናንት የቢሮውን የኢሜይል አድራሻዎች ከኮምፒውተሩ የአድራሻ መዝገብ ጋር እንዲናበቡ አድርጌ፣ ኮራ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ለካ ማሽኑ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብሎ የዛሬውን የስብሰባ ጥሪ ሁሉ በአባቶቻችን ስም ልኮታል።

ጧት አለቃዬ ወይዘሮ ስንዱ በር ላይ ጠበቁኝ። "አባቴን በሕይወት ሳሉ ስብሰባ የጠራቸው የለም። ካረፉ በኋላ ጠራሃቸው?"

"ይቅርታ፣ ሳይመጡ አስተካክላለሁ" አልኋቸው። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ገቡ።

እስከ ምሳ ድረስ ሰውን ሁሉ ወደ ገዛ ስሙ መለስሁ። መጨረሻ ላይ የራሴ ጥሪ ቀረ፦ "ክቡር አቶ አየነው፣ በስብሰባው ላይ እንዲገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።" አባቴ ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ዓሣ እያጠመዱ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ቢሮ በሄዱ ቁጥር "አንተ ሽማግሌ፣ ውጭ ቆይ" ነው የሚባሉት። ይቺን እንዳለች ተውኋት።

ከሰዓት በስብሰባው ላይ ወይዘሮ ስንዱ ከዚያው መዝገብ ስም ሲጠሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

"አቶ አየነው?"

"መጥተዋል" አልሁ።