አሜን ያልነው ምርቃት

አባባዬ፣

እንደምን ከረምክ እንዳልልህ መልሱን ከየት አመጣዋለሁ? ከተለየኸን ክረምቱ ገብቶ ወጣ። መስቀልም ያላንተ አለፈ።

እስቲ የሰፈሩን ወሬ ላስቀድም፣ ትወድ የለ። በርበሬ በረንዳ እንዳለ ነው፤ መንገደኛው ዛሬም እያስነጠሰ ያልፋል። ከሱቃችን ፊት ለፊት የጀመሩት ሕንጻ ግን አለቀ። ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐዩን መልሶ ዓይናችን ላይ ይለቀዋል። አንተ ብትኖር ወንበርህን አዙረህ ጀርባህን ትሰጠው ነበር። ወንበርህ አለች። ማንም አይቀመጥባትም። ደንበኛ ሊቀመጥ ሲል ሳላስበው «ሰባራ ናት» እላለሁ። ሰባራ አይደለችም።

ሱቁ ጸጥ ብሏል። ያችን ሞባይል ይዘህ ስትጮህ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ይሰማ ነበር። ቀስ በል ስንልህ «ሰውየው ያለው ወልቂጤ ነዋ!» ትለናለህ። ያኔ ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ያ ጩኸት ቢገኝ በስንት ጣዕሙ!

ለቅሶህ ላይ የመጣው ሁሉ «ዕድሜ ጠግቦ ነው የሄደው፣ በቃችሁ» ይለን ነበር። እውነታቸውን ነው። ከአገር ቤት በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠህ መጣህ። ተሸከምክ፣ መሬት ላይ ዘርግተህ ሸጥክ፣ ኋላ ሱቅ ከፈትክ። ልጅ ዳርክ፣ የልጅ ልጅ አቀፍክ፣ የተጣላውን ሁሉ አስታረቅክ። አንተስ ጠግበህ ይሆናል። እኛ ግን አልጠገብንህም፤ ይሄን ለማን ይነግሩታል?

አሁን ወደ ሆዴ ነገር ልምጣ።

መስቀል ሲደርስ፣ አገር ቤት ከመሄዳችን በፊት፣ ሱቁን ከውስጥ ዘግተህ የምትመርቀን ትዝ ይልሃል መቼም። ጆንያ ጆንያው ላይ ተቀምጠን እጃችንን እንዘረጋለን። በሩ ሲዘጋ የበርበሬው ብናኝ የት ይሂድ? ግማሻችን አሜን ስንል ግማሻችን እናስነጥሳለን። አንተም እንባህን በጋቢህ እየጠረግህ ትቀጥላለህ፤ ምርቃት አይቋረጥም ባይ ነህ። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እኔ አልቅበራችሁ፣ እናንተ ቅበሩኝ።» እኛ ልባችን ክትፎው ጋ ስለሆነ «አሜን!» ብለን እንጮሃለን። ከሁሉም የእኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር።

ዘንድሮ እማዬ ልማዱ አይቀርም አለች። ሱቁን ዘግተን ተሰበሰብን። ወንበርህን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ትልቁ አንተ ነህ፣ መርቅ» አለችኝ። ወይ ጉድ! እኔ ደንበኛ እንኳ በወጉ መሸኘት የማላውቅ ሰውዬ! ወንበሯን ትቼ ቆሜ ጀመርኩ። መንገዳችሁ ይቅና፣ ቤታችሁ ይሙላ፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ ቃልህን አንድ ባንድ አወጣሁት። ታናሽ እህቴ አልማዝ አስነጠሰች፣ ልጆቹ ሳቁ። ድምፄ ሁሉ ያንተን መስሎኝ ደስ አለኝ። እንዲህ ስቀጥል ስቀጥል «እኔ አልቅበራችሁ» የሚለው ጋ ደረስኩና አፌ ላይ ቀረ።

ለካ ዓመት በዓመት አሜን ስንል የኖርነው ለዚህ ነው! ያልከው ደረሰ፣ አባባ። ቀበርንህ። ደግሞስ እናቴ ፊቴ ተቀምጣ እንዴት ብዬ ቅበሩኝ እላለሁ? እሷ ልትቀብረኝ?

ሁሉም እጁን እንደዘረጋ ይጠብቀኛል። እንባዬ ሲመጣ በበርበሬው አሳበብኩ፤ ማን ያምነኛል? ያኔ እማዬ ከጆንያዋ ሳትነሳ፣ ቀስ ብላ፣ ጨረሰችልኝ።

«እኔ አልቅበራችሁ፣ እናንተ ቅበሩኝ።»

አሜን የሚል ጠፋ። ልጆቹ እንኳ መሳቅ ተዉ። እማዬ እኔን እኔን ታየኛለች። ምን ላድርግ፣ አባባ? አሜን ብል እሷንም ልሸኛት ተስማማሁ ማለት ነው። እንቢ ብል ደግሞ ልጅሽን ቅበሪ ማለቴ ነው። መላ ሲጠፋኝ የምጠይቀው አንተን ነበር። ዞሬ ወንበርህን አየኋት እኮ!

አሜን አልኩ። እንደ ድሮው ጮኼ አይደለም፤ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም። እሷ ግን ሰማች። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና «በሉ፣ መኪናው እንዳያመልጠን» አለች።

አልረሳህም፣ አባባዬ። ለዓመቱም በሩን ዘግቼ፣ ወንበርህ አጠገብ ቆሜ፣ ምርቃትህን ከመጀመሪያው አንስቼ እለዋለሁ። ያችን የመጨረሻዋን ግን ከአፌ አላወጣትም፤ እማዬ ትበልልኝ። ለብዙ መስቀል እሷው ትበልልኝ። አደራህን፣ ናፈቅሽኝ ብለህ ቶሎ እንዳትጠራብኝ።

የበኩር ልጅህ