ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ

ማርች 3፣ ሰኞ ጠዋት

ባስ ውስጥ ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ኮሌጅ ፓርክ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲዬ። እንደ ልማዴ አዲስ የወጡ ፔፐሮችን በስልኬ እያየሁ። ሦስተኛው አብሮኝ ሲሠራ የኖረው የናትናኤል። ርዕሱን አነበብኩ፣ ደሜ ፈላ። የኔ ነው፣ ደብተሬ! ሁለት ዓመት የለፋሁበት ማረጋገጫ! ደራሲ፦ እሱ ብቻ። እኔ መጨረሻ ላይ፣ ምስጋና ውስጥ፣ «ለጠቃሚ ጭውውት»። ጭውውት! ድራሹ ይጥፋ። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው።

መውረጃዬን አለፍኩ።

ከሰዓት

የሰረቀኝን ልጻፈው፣ ምናልባት ንዴቴ ይበርዳል። ሲምትሪ በፊዚክስ ምንም ቢለዋወጥ የማይጎድል ቁጥር የሚጠብቅ ሕግ ነው፤ የድሮው የሚቆጥረው ቅንጣት ነው። አጠቃላይ የሚባለው አዲሱ ግን ክር የመሰለ መስመር ይቆጥራል። በኔ ሞዴል እንዲህ ያሉ ሁለት ሲምትሪዎች አሉ። ለየብቻ ሰላም ናቸው፣ አንድ ላይ ግን አይስማሙም። በጠባቸው የተነሳ ነው በሞዴሉ ውስጥ ያለው ሞገድ ጋፕለስ የሚሆነው፤ ማለትም የቱንም ያህል ትንሽ ጉልበት ቢሰጡት ይነቃል። ጠቡን ያሳየሁት እኔ ነኝ።

የዩኒቨርሲቲ ኮንትራቴ በጁን ያልቃል። ሥራ የማመለክተው በዚህ ነበር። አሁን ባመለክት ሌባዋ እኔ ልሆን ነው።

ንዴቴ አልበረደም።

ማርች 6፣ ሐሙስ

ፔፐሩን መስመር በመስመር እያነበብኩ። ገጽ 9 ላይ ላይብረሪ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ሰው ዞሮ አየኝ፣ ይየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግሪክ ፊደል ሲያልቅብኝ ሁለቱን ሲምትሪዎች በኛው ፊደል ሰየምኳቸው፤ አንዱን ንጉሡ ሠ፣ ሌላውን እሳቱ ሰ። ናትናኤል ያኔ አሹፎብኛል። ድምፃቸው አንድ፣ ምን አስጨነቀሽ ብሎ። የመጨረሻውን ማረጋገጫ ደግሞ በጽሑፍ አልላክሁለትም። እሱ እዚሁ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ፣ እኔ እዚህ፣ በቮይስ ሜሴጅ ነው የነገርኩት። መንገድ እየሄድኩ፣ «ሰ» «ሰ» እያልኩ። ሰውየው ሁለቱንም የእንግሊዝኛ ኤስ አድርጎ ጽፏቸዋል! ሁለቱን ጠበኞች አንድ አደረጋቸው። አንድ ከሆኑ ማን ከማን ይጣላል? ከገጽ 9 ወዲያ ያለው ሁሉ ባዶ ነው።

እሰይ! እሰይ!

ማርች 8፣ ቅዳሜ

ናትናኤል ኮል አደረገልኝ። «እህቴ» እያለ። ረቡዕ እኛ ዘንድ ሴሚናር ይሰጣል፣ ብመጣ ደስ ይለዋል። እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ስህተቱን አልነገርኩትም። ምን በወጣኝ!

አክስቴ እትዬ ብርሃኔ (የምኖረው እሳቸው ቤት ነው) ስልኩን ሰምተው ተቆጡኝ። ጾም ላይ ነን፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው፣ ለእግዜር ስጪው አሉኝ። እሺ እትዬ አልኳቸው። አልሰጥም። ሳሉም ስርቆቱም የሱ ነው፣ ይኸው ገጽ 9 ላይ አስሏል።

ማርች 10፣ ሰኞ

የራሴን ጽፌ ጨረስኩ። ሠ እና ሰ በየቦታቸው። ለአለቃዬ ለፕሮፌሰሩ አሳየሁ፣ የቮይስ ሜሴጆቹንም ቀን አየ። ከዚያ ላኪው አለኝ፣ በስምሽ ብቻ። ረቡዕ ጠዋት ይወጣል።

ላክሁት።

ማርች 12፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ናትናኤል ሱፍ ለብሷል፣ ፈገግ አለልኝ። የገጽ 9ኙ ቦታ ሲደርስ እጄን አወጣሁ። በአማርኛ ጠየቅኩት፤ ይሄ የቱ ነው፣ ንጉሡ ነው እሳቱ?

ቆመ። ሰሌዳውን አየ። አንዱን ኤስ፣ ሌላውን ኤስ። ገባው። ፊቱ አመድ ሆነ። ፈረንጆቹ ይተያያሉ። አንዱ ምን አለችህ ብሎ ጠየቀው። መተርጎም ነበረበት። የገዛ ስህተቱን በገዛ አፉ፣ ላዳራሹ ሙሉ ሰው ተረጎመ።

ኮሪደር ላይ ያዘኝ። ስምሽን ላስገባ፣ እርማቱን አብረን እንላክ ይላል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አንጀቴን ሊበላኝ ምንም አልቀረውም። የኔ ፔፐር ዛሬ ጠዋት ወጥቷል አልኩት። ግድግዳውን ተደገፈ። ያላየው እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ይቅር በይኝ አለኝ፣ ስለ ጾሙ ብለሽ።

አልልም። ዘንድሮ ለፋሲካ አልቆርብም።