በሞቴ የማይል ግብዣ

«ተራዬ» ለተሰኘው የጭነት መኪናዎች ተራ ማስያዣ ድረ ገጽ የተከበሩ ኃላፊ፤
ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ጅቡቲ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የቢሮዎ ማቀዝቀዣስ ደህና ነው? የዘንድሮው ሙቀት እርስዎ ዘንድ እንዳይደርስ እየተመኘሁ፣ ድረ ገጽዎ በቅርቡ ስለጀመረው አዲስ ጥያቄ የቤተሰባችንን ምስጋና በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

1ኛ. አባቴ ልደቱ የተሳቢ ሾፌር ነው። ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ከከተማው ዳር ቆሞ ወደብ ለመግባት ተራ ሊይዝ ስልኩን ሲከፍት፣ «ኩኪስ ልናስቀምጥልዎ ይፈቅዳሉ?» የሚል ጥያቄ ብቅ አለለት። በዚያ ሁሉ ሐሩር ውስጥ ኩኪስ ያሰበለት መሥሪያ ቤት በመኖሩ ልቡ ተነካ። ሆኖም ጨዋ ሰው በመጀመሪያው ግብዣ ዘሎ ስለማይቀበል፣ እንደ ወጉ ተግደርድሮ «አይ፣ ይቅርብኝ» የሚለውን ነካና «በሞቴ» እስኪባል ጠበቀ። ድረ ገጽዎ ግን «ስለጎበኙን እናመሰግናለን» ብሎ አሰናበተው። ተራውም አለፈ።

2ኛ. የጎረቤታችን ልጅ ነጃት፣ ይህ ኩኪስ የሚበላ ሳይሆን ሰው ድረ ገጹ ላይ የሚያደርገውን እያስታወሰ የሚከታተል ነገር መሆኑን አስረዳችን። እዚህ አርሂባ ሰፈር ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያሉ የሚከታተሉን ሰዎች አንድም ቀን ፈቃዳችንን ጠይቀው ስለማያውቁ፣ ትሕትናዎ አስደንቆናል። ስለዚህ እኔ ምሳ ላደርስለት ስሄድ፣ በአባቴ ስልክ «እቀበላለሁ» አልኩ። ጥያቄው ጠፋ። «ተራ ያዝ» የሚለውን ልነካ ስል ተመልሶ መጣና ልክ ቁልፉ ላይ ተኛበት። እንደገና ተቀበልኩ፤ እንደገና ጠየቀኝ። እናቴ የውብዳር «የተፈቀደለትን የማያስታውስ፣ ምን ሊያስታውስልን ነው?» ትላለች። እኔ ግን የጥያቄውን ቦታ የመረጠውን ባለሙያ እጁን ይባርክልን እላለሁ።

3ኛ. ይህን ሁሉ በአካል ላመሰግንዎ ቢሮዎ ደጃፍ ድረስ መጥቼ ነበር። ዘበኛው «ምን ፈለግሽ?» ሲለኝ አፍሬ «ምንም» አልኩት። እሱም ዳግመኛ አልጠየቀኝም። የአንድ ቤት ሰዎች መሆናችሁ ያስታውቃል።

አባቴ አሁንም ከከተማው ዳር ነው። መኪናውን ጥሎ ቤት መምጣት ስለማይችል፣ ከተሳቢው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሌሎች በተራቸው ሲያልፉ ያያል። ትናንት እናቴ ከምሳው ጋር እውነተኛ ኩኪስ ላከችለት። «ከእንግዲህ መግደርደር ቀረ» ብሎ ወዲያው በላው።

ለግብዣዎ ዘላለም ባለዕዳ የሆነችው፣ ከደጅዎ ሳትገባ የተመለሰችው፣

ስርጉት ልደቱ
ከአርሂባ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤዬን እስከዚህ ካነበቡ፣ ጥያቄዎን ከቁልፉ ላይ ለማንሳት ተስማምተዋል ማለት ነው። ቢግደረደሩም ግድ የለም፤ እኛ ቤት በሞቴ ማለት ይታወቃል።