ስለ ፊንላንድ የነገርኳቸው

እሑድ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1964

ዝናብ። ኮልፌ ጭቃ ብቻ። ፈቀደ ትናንትም ተደባደበ... ወንድሜ ከቡጢ ሌላ ቋንቋ የለውም። ቆዳ ተራ አንዱን ነጋዴ ጥርሱን አረገፈለት አሉ። አባባ ደስ ሳይላቸው አልቀረም። "ወንድ ነው!" ይላሉ። አምና አንድ ዱርዬ ቀሚሴን ሲጎትት እጁን በመቀስ ስወጋው ግን እብድ ተባልኩ።

ዋናው ወሬ ሌላ ነው። ስፌት የምታስተምረን ሚስ አይላ አንዲት ተማሪ ወደ አገሯ ወደ ፊንላንድ ልትልክ ነው። ሁለት ዓመት! እኔን መረጠች! ጓደኛዬ ሰብሌ አልቀናችም፤ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።

አባባ ግን፣ "የማላውቀው አገር ልጅ አልልክም። እሑድ ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ አገሩን ታስረጃለሽ" አሉ። ፍርድ ቤት ልቀርብ ነው በለው።

እሑድ፣ ሐምሌ 23

የጊዮርጊስ ማኅበር እኛ ቤት ነበር። ጠላው ከተቀዳ በኋላ ተነሺ ተባልኩ።

ፊንላንድ ከዓለም ሰሜን ጫፍ ናት አልኩ። አገሩ ጫካና ሐይቅ ነው። ክረምት ሲገባ ሐይቁ በረዶ ሆኖ ይረጋና መኪና ይነዳበታል። "አሳውስ?" አሉ ጋሽ ሰብስቤ። በረዶውን ሸንቁረው ያጠምዱታል፣ ጋሼ። ዳቦው ጥቁር ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ሰዉ ወሬ አያበዛም፤ ጎረቤት ሳይጠራ አይገባም።

በበጋ በሰሜኑ በኩል ፀሐይ አትጠልቅም ስል ቤቱ ተንጫጫ። ለጉርብትና ብቅ ያሉት ጋሽ ሀምዱ፣ "ታዲያ ረመዳን ሲገባ ምን አይተው ያፈጥራሉ?" አሉ። ተሳቀ። አባባም ሳቁ። ልቤ ሞላ... እዚያ ላይ ብቀመጥ ምን ነበረበት?

ፈቀደ፣ "በዚያ ብርድ እንዴት ይታጠባሉ?" አለ።

ሳውና የሚባል ክፍል አላቸው፣ ድንጋይ አግለው ውሃ ያፈሱበታል፣ እንፋሎቱ ውስጥ ራቁታቸውን ተቀምጠው ጀርባቸውን በቅጠል ይመታታሉ አልኩ።

"ማን ከማን?"

"ቤተሰቡ ሁሉ።"

ሳቁ ቆመ። እንደ ፍልውሃ ነው፣ እንደ ጠበል ነው ብል ባሰ። "ጠበልን አትንኪ!" አሉ ጋሽ ሰብስቤ። ፈቀደ ብድግ አለ። "ለካ እነሰብሌ ቤት መስኮት ዘግተው የሚያደርጉት ይሄን ነው!" ሰብሌ ጴንጤ ናት። መንግሥት ስለከለከላቸው እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቷ ጋሽ ዳኛቸው ቤት ተደብቀው ይጸልያሉ፤ ሚስ አይላም አንዳንዴ ትሄዳለች። "መዝሙር ነው የሚዘምሩት!" ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል!

አባባ "ይታሰብበታል" ብለው ዘጉት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 25

ቅቤ ሻጯ ጫልቱ፣ "እውነት ነው እንዴ? እነሰብሌ ራቁታቸውን ይገራረፋሉ አሉ" አለችኝ። ማን ነገረሽ? "ያንቺው ወንድም ነዋ። እሑድ እናሳያቸዋለን እያለ ነው።"

ለሰብሌ መንገር አለብኝ... ግን አባባ ገና እሺ አላሉም። ጴንጤ ቤት ስገባ ካዩኝ ጉዞው ቀረ ማለት ነው። ፈቀደ እንደሆነ አፉ ሰፊ ነው፤ የዛተውን ሁሉ አያደርግም። አያደርግም አይደል?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 27

አባባ እሺ አሉ!!! "ወሬ የማያበዛ ሕዝብ ከሆነ ይሻልሻል።"

እሑድ፣ ሐምሌ 30



ልብስ እየተኮስኩ ነበር። መጀመሪያ ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ ሲዘንብ ሰማሁ። ከዚያ ጩኸት። ካውያውን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ ፍሙ ውስጡ እንዳለ ሮጥኩ።

የነሰብሌ በር ተገንጥሏል። ጋሽ ዳኛቸው ደጃፉ ላይ ወድቀዋል፤ ደማቸው ከዝናቡ ጋር ይወርዳል። አንዱ ሆዳቸውን ይረግጣቸዋል። የማውቀው ሰው ነው፤ ሱሪውን ያሳጠርኩለት ሰው!

ሰብሌን አጥሩ ላይ አስደግፈዋታል። ቀሚሷን እስከ ወገቧ ቀደውታል። ፈቀደ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ይገርፋታል። "ይኸው ሳውና! ይኸው ፊንላንድ!" ቅጠሉ አልቆ እንጨቱ ብቻ ቀርቷል። ጀርባዋ ተተልትሏል። ሰዉ ይስቃል። ሴቶቹም ይስቃሉ።

ስሙን አልጠራሁም። ተው አላልኩም። በካውያው መንጋጋውን አልኩት። ሲሰበር ሰማሁት። ፍሙ ደረቱ ላይ ተበተነ፤ እንደ ከብት አጓራ። ደገምኩት። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ፖሊሶች መጡ። የመቱትን ትተው የተመቱትን ጭነው ሄዱ። ሰብሌን በተቀደደ ቀሚሷ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 1

አባባ በቀበቶ ገረፉኝ፣ በዘለበቱ በኩል። አላለቀስኩም፤ ያ ነው ያናደዳቸው። ሲደክማቸው ተቀመጡ። "ፈቅጄልሻለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። ሂጂ። ተመልሰሽ ግን በዚህ በር እንዳትገቢ።"

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 13

የፈቀደን መንጋጋ በሽቦ አስረውታል። አጥሚት የምግተው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን አለ? አፉ ቢፈታ እንደሚገድለኝ ዓይኑ ይነግረኛል። እኔም በዓይኔ ሞክር እለዋለሁ።

ሰብሌ ተፈታች አሉ። መሄድ ፈራሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 19

ነገ እሄዳለሁ።

ሚስ አይላ፣ "ስትደርሺ ስለ አገርሽ፣ ስለ ሕዝቡ፣ ስለ ኑሮው ንገሪን ይሉሻል፤ ተዘጋጂ" አለችኝ። ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። "አገራችን ተራራማ ነው። ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ ነው..." እውነት ነው እኮ። ግን እጄ አልሄድ አለ። ተነስቼ እነሰብሌ ቤት ሄድኩ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።

በሆዷ ተኝታለች። ቁስሉ እስር ቤት አመርቅዟል። ቤቱ ይሸታል።

"ነገ ልሄድ ነው" አልኳት።

"መልካም መንገድ።"

ከዚያ፣ "ጫልቱ ማክሰኞ ነግሬያት ነበር ትላለች" አለች።

"አዎ።"

"እሑድ እስኪደርስ ስንት ቀን ነበረሽ።"

ምን እላለሁ? ጉዞዬ እንዳይቀር ብዬ ነው ልበላት? ያን ያህል አላበድኩም። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

"ስለ እኛ ይጠይቁኛል" አልኳት። "ምን ብዬ ልንገራቸው?"

"ደስ ያለሽን ንገሪያቸው። የኔን ስም ብቻ እንዳታነሺ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሺ አልኳት።