ከመጋረጃው ወዲያ ያለው አውሬ

የካቲት 9፣ ማክሰኞ
ጋራዥ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጆሮ፤

እንደምን ከረምክ? እኔ አንበሳ ነኝ። እዚህ ሰፈር መኪና የሚቀባ ሰው ሲባል መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ ሄደው አጥር ይቀቡ።

መጽሐፍህ ደርሶናል። ወፍራም ነው። ሽፋኑ ላይ ስምህ ከአውሬው ሥዕል ይበልጣል። የኔን ስም ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ለአሳታሚው ሚስት ሳይቀር ምስጋና አለ፣ ለኔ የለም!

ሬዲዮ ላይም ሰማሁህ። ጋዜጠኛዋ «ይህን የመሰለ ዓለም ከየት አመጡት?» ስትልህ ጉሮሮህን ጠርገህ «ከብዙ ንባብ» አልካት። አንተ ቀጣፊ! የምን ንባብ? አንድ አልጋ ላይ ተጨናንቀን፣ አባባ ከመጋረጃው ወዲያ ሲያንኮራፋ፣ አንተ ፈርተህ ብርድ ልብስ ውስጥ ስትገባ፣ «አይዞህ፣ መሬት ስር የሚኖር አውሬ ነው፤ እሱ ሲተነፍስ ነው ተራራ የሚያድገው» ያልኩህ እኔ ነኝ። ጣሪያ ላይ ያለውን የውሃ ታንከር የሚበር መርከብ ያደረገውስ ማነው? እኔ! አንተ ንጉሥ ካልሆንኩ ብለህ አለቀስክ፣ ንግሥናውን ሰጠሁህ። ዓለም የሚፈጠረው እንደዚህ ነው፤ ቤት ውስጥ ያለውን በደንብ ታያለህ፣ ከዚያ በደንብ ትዋሻለህ። ለጋዜጠኛዋ ንገራት።

ይሄን ሁሉ እንኳን እተውልህ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ንጉሡ አውሬውን ገደለው። አባባን ገደልከው እኮ፣ አንተ ሰው!

ስለዚህ ተበቀልኩህ። አባባ አሁን ከአልጋ አይነሳም፤ ከሥራ ስመለስ መጽሐፍህን አነብለታለሁ። ንባብ ላይ እንደምታውቀው ቀስ እላለሁ፣ እሱም አይቸኩልም። መጨረሻው ጋ ስደርስ ገጹን እያየሁ ከራሴ ፈጥሬ አወራሁለት። ንጉሡ ሰይፉን ይጥላል፣ በጉልበቱ እየዳኸ ወደ አውሬው ይመጣል፣ ይቅርታ ይለምናል። በዚህ ቤት መጽሐፍህ የሚያልቀው እኔ እንዳልኩት ነው! እሱም አልበቃኝም። ከአሮጌ መኪና ኮፈን ፈትቼ በተራረፈ ቀለም ሁሉንም ሳልኩትና አልጋው ፊት ለፊት አቆምኩት። ንጉሡን ከነዚያ ጆሮዎችህ ጋር ነው የሠራሁት፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምሬበታለሁ። አባባ ሲያየው እስኪያስለው ሳቀ።

«ይሄ ጆሯምማ የኔው ልጅ ነው» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ደረሰ?» አለኝ።

«የት?»

«አውሬው ጋ ነዋ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በበሩ ስገባ ይሄንኑ ይጠይቀኛል። ማንኮራፋት ትቷል። ቤቱ ጭጭ ብሏል፤ እኔ ደግሞ ጸጥታ አልለመድኩም፣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ሐኪሙ ያለውን አልጽፍልህም። ደራሲ አይደለህ? ራስህ ፍጠረው።

የታረቅኩህ እንዳይመስልህ። ስትመጣ እዚያው በር ላይ ነው አፍንጫህን የምልህ። አባባ ግን «እግዜር መንገዱን ያቅናለት፣ በደህና ያግባው» ብሎሃል።

«ንጉሡ ደረሰ?» ሲለኝ «መንገድ ላይ ነው» እያልኩት ነው። አባባ ፊት ዋሾ ብታደርገኝ፣ ወዮልህ!

ታናሽህ፣
የአውሬው ባለቤት